በገመድ ነው የሞከርኩት

ወርቅነሽ ደሴ ሸዋ በር ላይ ቢላ ስትስል ሃያ ሁለት ዓመት አለፋት። ከአራተኛ ክፍል አስወጥቶ ያገባት ሰው ሲሞት የተወላት በእግር የሚዘወረውን መሳያ ድንጋይ ብቻ ነበር። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠችበት፤ እስካሁንም አልተነሳችም። የፋብሪካውንና ከመኪና ሞላ የተሠራውን ቢላ፣ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ በድምፁ ብቻ ትለያለች።

የለይላ ቢላ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ለይላ የድሮ ጎረቤቷ ናት፤ አሁን ኮምቦልቻ ትኖራለች። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ከደረጃ ወድቃ የቀኝ እጅ አንጓዋ ተሰበረ፤ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። እንጀራዋ የሠርግና የዐረፋ ሥጋ መዘልዘል ነው። ብረት ቢላ ከያዘች እጇ ያብጣል። ከጅዳ ያመጣችው ጥቁር ቢላ ግን ብረት የሚባል የለበትም፤ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ስለሆነ እንደ ላባ ይቀላል። እሱ ዶለዶመባት። የሁዳዴ ጾም ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው።

"ወርቄ፣ ይኸ ቢላዬ አልቆርጥም ብሎኛል፤ እስቲ ምከሪልኝ።"

"ይኼ ደግሞ ምንድነው? የልጅ መጫወቻ ነው እንዴ?"

"ሳቂ አንቺ! ከፋሲካችሁ በኋላ ባለው ሐሙስ የሐጂ መሕሙድ ልጅ ኒካህ ነው። ረቡዕ ሁለት በሬ ይጠብቀኛል።"

"ባበላሽብሽስ?"

"አብሽሪ! ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል?"

ለይላ ለሁሉም ነገር አብሽሪ፣ አይዞሽ እንደማለት፣ ትላለች። ወርቅነሽም ድንጋዩን አዙራ ቢላውን ስታስነካው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታት። አንስታ ብታየው አፉ ሙቀት ነክቶት እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተተልትሏል። ደነገጠች። ድንጋዩን ዳግመኛ አላዞረችም።

ማታ ማታ እቤቷ ትሠራበት ጀመር። ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጠፈች፤ ውሃ እያፈሰሰችበት፣ ብናኙ እንዳይገባባት አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና፣ ቢላውን በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሳበችው። በሻካራው ጀምራ በለስላሳው ጨረሰች። አምስት ቀን ፈጀባት። የተተለተለው ሁሉ ረገፈና አፉ ቀጥ አለ። ግን አያበራም። በአውራ ጣቷ ስትዳብሰው የደነዘ ይመስላል፤ ወረቀት ላይ ስትሞክረው ይቀድዳል እንጂ አይቆርጥም። ብረት ቢሆን ጥፍሯ ይነግራት ነበር። ይኼን የሚያውቀው ሥጋ ብቻ ነው።

በፋሲካ ማግስት ጎረቤቷ አግማስ ከቅርጫው የደረሳትን አመጣላት። አንድ ጭን ሥጋ ጣውላው ላይ አኖረችና ጥቁሩን ቢላ አሳረፈችበት። ሄደ! ሳትጫነው ሄደ። ሥጋው ረጅም ሆኖ ወረደላት፤ ደስ ብሏት ሌላም ዘለዘለች፤ ሌላም። ቀና ስትል መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን ድስት አየች። ለይላ ስትመጣ የሚሠራላት ድስት ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ነክቶት አያውቅም። አስራ አምስት ዓመት እንደዚያ አክብራ ያኖረችው እሷው ናት።

ቢላው ከእጇ ወደቀ። በአመድና በሳሙና አጠበችው፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው።

በነጋታው ለይላ መጣች። ቢላውን ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠችው።

"ወላሂ አዲስ አድርገሽዋል! በምን ሞከርሽው?"

"በገመድ ነው የሞከርኩት" አለች ወርቅነሽ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው።

"እጅሽን አላህ ይባርከው።" ለይላ ግንባሯን ስማት ሄደች።

የዚያን ቀን ስንት ቢላ እንደሳለች አታውቅም። ምርቃቱ ነበር የከበዳት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ዝም ብል ማን ያውቃል ትላለች፤ ደግሞ ያ ሁሉ የኒካህ እድምተኛ፣ ሽማግሌው ሐጂ ሳይቀሩ፣ በእሷ ዝምታ ላይ ሲበሉ ይታያታል። ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣች። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ የምትለውን በልቧ ደጋገመችው።

ኮምቦልቻ ሐጂ መሕሙድ ግቢ ስትደርስ በሬዎቹ ተገፈው ብልቱ ተሰቅሏል። ለይላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጨርቁን ልትፈታ ነው።

"ለይላ፣ እንዳትነኪው!"

"ምነው? ሰው ሞተ?"

"በገመድ አይደለም የሞከርኩት። በፋሲካው ሥጋ ነው። ረስቼ ነው፤ ከዚያ ፈራሁ። አጥቤዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ።"

ለይላ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችው።

"መርሳቱስ ይሁን፤ ሰው ነሽ። መታጠቡም ይታጠባል። የከፋኝ በገመድ ያልሽኝ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግንባርሽን ስሜሽ ሄድኩ እኮ።"

"ስትመርቂኝ ልነግርሽ ነበር።"

"አልነገርሽኝም።"

አብሽሪ አላለችም። ወርቅነሽ ጠበቀች፤ አላለችም።

"ሸኾቹን ሳልጠይቅ አልነካውም፤ እነሱ ደግሞ መስጊድ ናቸው፤ ሥጋው አይጠብቅም" አለችና የቤቱን ብረት ቢላ አስመጣች። ከባድ ነው። የመጀመሪያውን ብልት ሳትጨርስ አንጓዋ ቀላ፤ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።

ወርቅነሽ ሥጋውን ልትዘለዝልላት አትችልም፤ የክርስቲያን እጅ ነው። መሄድም አልቻለችም። ከጓዳ መሳያ ድንጋይ አስመጣችና ከለይላ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስለታም ቢላ መጫን አይፈልግም፤ አንጓንም ያሳርፋል። ቢላውን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

ለይላ ቀና ብላ አላየቻትም። ቢላውን ግን አቀበለቻት። ወርቅነሽ ስላ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃ መለሰችላት። አንድ ብልት ባለቀ ቁጥር ለይላ ፊቷን ሳታዞር ቢላውን ትሰጣታለች፤ ወርቅነሽ ትስላለች፤ ትመልሳለች። ሁለቱ በሬ እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጠሉ።