ሊዲያ ሳትሰናበት አልሄደችም

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ታማ በተኛችው እናቴ ላይ መጮኼን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህቺን ግን በየጊዜው እየዘለልኳት አለፍኩ። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእህቴም አልነገርኩም። አሁን የምታነቡት ነገር ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ሮማን እባላለሁ። ጎፋ ውስጥ ትንሽ የሴቶች ጸጉር ቤት አለችኝ። ሰሞኑን ሁለት ወጣት ደንበኞቼ ተራቸውን እየጠበቁ ይከራከሩ ነበር። የሰፈራችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ጎበዝ የተባለችው ልጅ ወደ ሌላ ክለብ ልትሄድ ነው። አንደኛዋ ሄደችም ቀረችም የእኛው ልጅ ናት፣ ደጋፊ ከሆንን እዚያም ሆና ልናጨበጭብላት ይገባል ትላለች። ሌላዋ ከንፈሯን ሸርመም አድርጋ «በቃ ሊዲያ ሆነች» አለች።

ይህቺ ልጅ ሊዲያ ስትጫወት አይታ አታውቅም። ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። በሰፈራችን ግን ሊዲያ መሆን ማለት መክዳት ማለት ነው። ባሏን ጥላ ለሄደችም፣ ዕድር ለቀየረም፣ ሱቁን ዘግቶ ለቡ ሄዶ ለከፈተም ይባላል። «ሮሚ፣ አንቺ አስጨፋሪ ነበርሽ አይደል፤ እስቲ ፍረጂን» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ ብዬ፣ ውኃ ላሙቅ በሚል ሰበብ ወደ ጓዳ ገባሁና ባዶ ማሰሮ ይዤ ቆምኩ። የሊዲያን ስም ስድብ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ ልፍረድ?

አስጨፋሪ ነበርኩ፣ እውነት ነው። ዛሬ ብታዩኝ አታምኑም እንጂ ያኔ ከበሮ ይዤ የቆምኩ እንደሆነ ደጋፊው ሁሉ የእኔን አፍ ነበር የሚያየው። ግጥሙን እዚያው ሜዳ ላይ አወጣለሁ፣ ሌላው ይቀበላል። እኔ ያላልኩትን ማንም አይልም፤ እኔ ያልኩትን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ይዘፍነዋል። ከዜማዎቼ ሁሉ የታወቀው የሊዲያ ነበር፦

«ኳሷን ለሊዱ፣ ኳሷን ለሊዱ፣
ቅርጫት ድረስ ነው መንገዱ።»

ሊዲያ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ እማማ አስቴር ከወላይታ መጥተው ጎፋ የከተሙ፣ ብቻቸውን ያሳደጓት፣ ጸሎተኛ ጴንጤ ናቸው። ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ልጃቸው ስትሮጥ ይጸልያሉ፣ ስትወድቅ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ግን አንድም ጨዋታ አይቀሩም፤ ሁልጊዜ የሚቀመጡትም ከእኔ ከበሮ ጎን ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ስለነበሩ ጭብጨባቸው ከምት አይስትም። እኔ ዜማ ሳነሳ መጀመሪያ የምሰማው የእሳቸውን እጅ ነው።

ሊዲያ ደግሞ ጨዋታ ባለ ቁጥር ጠዋት እኔ ዘንድ ትመጣለች። ሹሩባ እሠራታለሁ፤ ወደ ኋላ ጥብቅ ያለ፣ ዐይኗ ላይ የማይወድቅ። ነጥብ ባስቆጠረች ቁጥር «ኳሱን ተዉትና ጸጉሩን እዩ» እያልኩ እጎርር ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነበር። የእሷ ዝና ግማሹ የእኔ ይመስለኝ ነበር፤ በሽታው የጀመረው ከዚህ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯን መሥራት ጀመርኩ። በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ «ሮሚ፣ ልሄድ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«የመሥሪያ ቤት ክለብ ነው። ቋሚ ሥራ ይሰጡኛል፤ እማዬንም ያሳክሙልኛል። ልቧን ያማታል፣ ሐኪሙ አትዘግዩ ብሏል። ይህን ለማንም እንዳትናገሪብኝ፤ ሰው ሲያዝንላት አትወድም። ግን ሳልሰናበት መሄድ አልፈልግም። እሁድ ከሰዓት ሜዳው ባዶ ነው። ደጋፊውን ሰብስቢልኝ፤ እኔ ብጠራቸው አፍራለሁ፣ አንቺን ይሰሙሻል።»

«እሺ፣ እሰበስባቸዋለሁ» አልኩ። ጸጉሯን አጥብቄ ኖሮ «ቀስ በይ፣ አሳመምሽኝ» አለችኝ። ሳመችኝና ወጣች።

አንድም ሰው አልጠራሁም። ረሳሁት ብል የሚታመን ነው፣ ሥራ ይበዛብኝ ነበር። አልረሳሁም። ቅዳሜ ማታ ከደጋፊው ግማሹ በደጄ አልፏል፤ ሰላም እያልኩ ሸኘሁ። እሁድ ጸጉር ቤቱን ዘግቼ ላፍቶ እህቴ ጋ ሄድኩ፤ ሜዳው በር ላይ ማለፍ ስላልፈለግሁ በሌላ መንገድ ታክሲ ያዝኩ። ለምን እንዲህ አደረግሁ? የእናቷን ሕመም ሰምቼ፣ በዚያው አፌ እሺ ብዬ፣ ለምን? ስሰናበታት መታየት አልፈለግሁም መሰለኝ። ያለ እኔ ሌላ ቦታ ልትነግሥ መሆኑ አንገበገበኝ። ቅናት በሉት። እኔ ያኔ ፍቅር ነበር የምለው።

ማታ ደወለች። ከእናቷ ጋር አንድ ሣጥን ለስላሳ ተሸክመው ሄደው እስኪመሽ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንደነበር ነገረችኝ። «ማንም አልመጣም ሮሚ።»

ገና አልዘገየም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በሚቀጥለው እሁድ እናድርገው ብል ያልቅ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ነግሬያቸው ነበር። አልመጣም አሉ። ተቀይመውሻል።»

«አይፈረድባቸውም» አለች።

በማግስቱ ሰዎች ሊዱ የት ጠፋች ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ «ሄዳለች። ቻው እንኳን አላለችንም» አልኩ። የሚጠረጥር አልነበረም፤ ከእኔ የቀረበ ሰው እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። አሠልጣኙ መሄዷን ቢያውቅም አኩርፎ ስሟን አያነሳም ነበር። እሷም ደጋፊው ጠልቶኛል ብላ ወደ ሰፈሩ ሰው መቅረብ ተወች፤ ወደ ክለቧ አጠገብ ቤት ተከራይታ ወጣች። እናቷ ብቻ ለጊዜው ጎፋ ቀሩ፤ እሳቸውም ቅያሜውን ላለማባባስ የዚያን እሁድ ነገር ለማንም አላነሱም። እንዲህ አድርጌ ሁለቱን ወገን በሁለት ውሸት ለያየሁ፤ መሀል ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማንም ሊያስታርቅ አልቻለም።

ከዚያ አዲሱ ክለቧ ከእኛ ጋር ሊጫወት ወደ እኛ ሜዳ መጣ። ደጋፊው ልቡ ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ ስንት ዓመት አስደስታናለች፣ ስትገባ እናጨብጭብላት ይላል። ገሚሱ ዝም እንበላት ይላል። ስድብ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም አስጨፋሪያቸውን አዩ።

እማማ አስቴር መጡ። የእንግዳው ክለብ ደጋፊዎች መቀመጫ ማዶ ነበር፤ ልጃቸው ለዚያኛው እንደምትጫወትም ያውቃሉ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው እኛ መሀል ገብተው ከከበሮዬ ጎን ተቀመጡ። ለእሳቸው እኛ የሰፈራቸው ልጆች ነን፤ ከእኛ ሌላ ከማን ጋር ይቀመጡ? ተነስቼ ሳምኳቸው። «እንኳን ደህና መጡ እማማ» አልኩ። ይህን ያልኩበት አፍ ያደረገውን ነው አሁን የምነግራችሁ።

ተጫዋቾቹ ገቡ። ሊዲያ ወደ እኛ ዞራ እጇን አነሳች፣ ፈራ ተባ እያለች። እኔ ያየሁት ጸጉሯን ነበር። ሹሩባ ተሠርታለች፤ የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም፣ ከእኔ ግን ያምር ነበር። ሰው በዚህ ይቆጣል? እኔ ተቆጣሁ። ከበሮውን መታሁና በዚያው በራሷ ዜማ አወጣሁት፦

«ከዳችን ሊዱ፣ ከዳችን ሊዱ፣
ምን ይሉታል ሳይሰናበቱ መሄዱ።»

ደጋፊው መጀመሪያ አመነታ። ደገምኩት። ተቀበለኝ።

እማማ አስቴር ያጨበጭቡ ነበር። ዜማው የልጃቸው ዜማ ነዋ። ያንን ከበሮ በሰሙ ቁጥር ሲያጨበጭቡ ኖረዋል፤ ቃሉን ማን ያዳምጣል? ፈገግ ብለው፣ በምታቸው፣ ልጃቸው ስትሰደብ አጨበጨቡላት። እኔ አየኋቸው። አጠገቤ ነበሩ፣ ክንዳችን ይነካካ ነበር። አይቼ ሦስተኛ አልኩት። አራተኛ አልኩት። የሆነ ጊዜ ላይ ቃሉ ገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸው መሀል መንገድ ላይ ቆመና ቀስ ብሎ ጭናቸው ላይ ወረደ። ሊዲያ ሜዳው ላይ ኳስ ይዛ ቆማለች። የምታየው እኔን አልነበረም፣ እናቷን ነው። ኳሱን ከእጇ ነጠቋት። ብዙም ሳትቆይ አሠልጣኟ ቀየራት፤ ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

እኔ ግን ቀጠልኩ። ያቆምኩት ድምፄ ሲዘጋ ነው። ጉሮሮዬ ደርቆ ሳል አፈነኝ፣ ዜማው ያለ እኔ አይሄድምና ሁሉም ዝም አለ። ያ ዝምታ ከሳል ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ይህን ልብ በሉልኝ። ቀና ስል እማማ አስቴር ሹራባቸውን ደርበው ደረጃውን እየወረዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎፋ ብዙ አልቆዩም፤ ልጃቸው መጥታ ይዛቸው ሄደች። ግጥሙ ግን ቀረ። ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይሉት ጀመር፤ እነዚያ ልጆች አድገው ዛሬ እኔ ዘንድ ጸጉራቸውን ይሠራሉ።

ባለፈው ክረምት ለቡ ለአንዲት ሙሽራ ጸጉር ልሠራ ሄጄ ስመለስ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዙኝ። እማማ አስቴር ናቸው። ሸብተዋል፣ ግን ደህና ናቸው፤ ሕክምናው ረድቷቸዋል። መሬት ዋጥ ብታደርገኝ በወደድኩ። እሳቸው አገላብጠው ሳሙኝ።

«ሮማንዬ፣ ስንት ዓመት ስፈልግሽ። ያን ቀን አይተሽኝ ዝም ያልሽውን አልረሳውም።»

«ምኑን እማማ?»

«አንቺ የልጄን ዜማ ብታነሺ ልጆቹ ስድብ አድርገው ሲቀበሉሽ። እኔን ስታይ ደነገጥሽ፣ ዝም አልሽ፣ እነሱንም ዝም አሰኘሽልኝ። ለሊዲያም ነግሬያታለሁ። ኳሱን ከተወችው ቆየች፤ ስለ ጎፋ ሲነሳ ግን ከዚያ ሰፈር የቀረችኝ ሮሚ ብቻ ናት ትላለች። ያኔም ሰው እንዲመጣላት የለመንሽላት አንቺ ነሽ አይደል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። እዚህ ላይ ግን የተወጋችው እናት ቆመው ያመሰግኑኛል፤ ወጊዋ እኔ ሁሉንም አስታውሳለሁ። መናገሪያ ጊዜዬ ያ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ታክሲ የለም፣ የሚያቋርጠን ሰው አልነበረም። እማማ፣ ግጥሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩት ድምፄ ስለተዘጋ ነው፤ ያን እሁድ ማንንም አልጠራሁም። ይኸው ነው፣ ለመናገር የሚከብድ ቃል የለበትም። አልተናገርኩም። «ምን አደረግሁ ብለው ነው» አልኩ፤ ትሑት ሰው እንደሚለው።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው እዚያው ሰልፉ ላይ ጸለዩልኝ። «ጌታ ሆይ፣ ሁሉ ሲተዋት ልጄን ያልተወቻትን ይህቺን ልጅ አንተም አትተዋት» አሉ። አሜን አልኩ። ከኋላችን የቆመች ሴትም አሜን አለች።

የሊዲያን ስልክ ሰጥተውኛል። አልደወልኩም። ብነግራት ቀረችልኝ የምትላትን አንዲት ሰው ልነጥቃት ነው፣ ለእሷ ስል ዝም ልበል እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ምክንያቱ ያምራል፣ ደግነት ይመስላል። ግን ዝም የማለቴን ያህል የሚጠቅመኝ ነገር ስለሌለ ምክንያቱን አላምነውም።

ደጋፊ ለሄደ ተጫዋች ታማኝ ይሁን ወይስ አይሁን፣ እነዚያ ልጆች ይከራከሩበት። ምናልባት ሊጨበጨብላት ይገባል፣ ምናልባት አይገባም። እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው ለደጋፊው ቀርቦ አያውቅም። ጎፋ ሊዲያን አልጠላትም። ጎፋ እሁድ ና ተብሎ አልተጠራም። ቢጠራ ይመጣ እንደነበር፣ አልቅሶ መርቆ ይሸኛት እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን የበደልኳችሁ ነገር የለም፤ ብትምሩኝ ከሰው ኪስ አውጥታችሁ እንደ መስጠት ነው። ይህን መስማት የነበረባት ሊዲያ ናት። እሷ ሳትሰማ ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ ይኸው ዛሬም ከጀርባዋ እያወራሁ ነው።