ባሌ ሳይሞት የተለቀሰለት ቅዳሜ

ባሌ ዕቃ ይዞ መግባት አይወድም። አንድ ቀን ግን ከሥራ ሲመለስ ቀይ ጓጉንቸር ይዞ መጣ። ገና በሩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገልኝ።

«ለምኑ ነው?» አልኩት።

«ለነፍሴ» አለኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ እሱ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበር። እኔ ደግሞ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። በእረፍት ቀኑ የእኔን ቤት የተሰባበረ ነገር ሁሉ የሚጠግነው እሱው ነው፤ ሌላ ሰው መጥራት የማይታሰብ ነገር ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ያስተማሩትን ደንብ ወደ እኔ ቤት ያመጣውም ለዚያ ነው። ማሽን የሚጠግን ሰው መጀመሪያ ኃይሉን ያጠፋል። ከዚያ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍና መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። እጁን ከማሽኑ አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ያንን ጓጉንቸር ከእሱ በቀር ማንም አይከፍተውም፤ አለቃውም ቢሆን። ጓጉንቸሩ ላይ ደግሞ የሰውየው ፎቶ ይንጠለጠላል። ሰው ብረት አይቶ አይራራም፣ ፊት ሲያይ ግን እጁን ይሰበስባል፤ እንዲህ ነው ያስረዳኝ።

«እኛ ቤት ማን ይነካብሃል?» አልኩት። «ጠላት አለህ እንዴ?»

«የሚነካው ጠላት አይደለም» አለኝ። «ደግ ሰው ነው።»

ሳቅሁበት። እኔ ያደግሁት እንግዳ ፊት መሶብ መክደን እንኳ ነውር በሆነበት ቤት ነው። ሰው በሚገባበት በሚወጣበት ቤት ግድግዳ ላይ ጓጉንቸር መስቀል፣ ሌባ ናችሁ ብሎ ከመጻፍ በምን ይለያል?

ፎቶው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ለዜግነት ማመልከቻ ተነስቶት የተረፈ ነበር። ጥቁር ኮት፣ የተዋሰው ከረባት፣ ከኋላው ነጭ ግድግዳ፣ ፊቱ ደግሞ ድርቅ ያለ። በላስቲክ አስለብጦ፣ ዙሪያውን በቀይ ቀለም «አደገኛ፣ አትንካ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አደረገበት።

«ፈገግ ያልክበት የለህም?» አልኩት።

«የቀልድ ነገር አይደለም ይሄ» አለኝ።

እንዲህ ስንል አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኩሽናው ጭስ መሳቢያ ቀጥ አለ። ማታ የክርስትና ድግስ ተይዞብኛል። ምድጃ ለኩሼ ያለ ጭስ መሳቢያ ወጥ ብሠራ ድግስተኛው ሁሉ እያሳለ ይወጣል። መሳቢያውን የሚያሽከረክረው ማራገቢያ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ባሌ ወጥቶ አየውና የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል ብሎ ወረደ። አዲስ ገዝቶ መጣ።

ከዚያ ያ ሥርዓቱ ተጀመረ። የመብራቱ ኃይል የሚቆረጥበት የብሬከር ሳጥን ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ኮሪደር ግድግዳ ላይ ነው። የማራገቢያውን ብሬከር አጠፋ፣ ቆንጥጦ የሚይዝ ብረት አደረገበት፣ ጓጉንቸሩን ቆለፈ፣ ፎቶውን አንጠለጠለ፣ የሳጥኑን በር ዘጋ። አሁን ይሄዳል ስል ኩሽና መጣና ከምድጃው በላይ ያለችውን ማብሪያ «ጫኛት» አለኝ።

«አጠፋሁ አላልክም?»

«ጫኛት።»

ጫንኳት። ምንም የለም። «ድገሚ» አለኝ። ደገምኩ። ጆሮውን ወደ ጣሪያው ቀስሮ አዳመጠ። «ኦኬ» ብሎ በጓሮ በር ወጥቶ መሰላሉን ተሸከመ። እንደዚህ የሚጠነቀቅ ሰው እኔን ሲያገባ ምነው ዝም ብሎ ገባ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

አንድ ችግር ነበረ። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ የኮሪደሩ መብራትና የጣሪያው ማራገቢያ በአንድ ብሬከር ነው የታሰሩት። ማን እንደዚያ እንዳሰራቸው እግዜር ይወቀው። ማራገቢያው ሲጠፋ ኮሪደሩም ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። እኔ ምድጃዬን አጥፍቼ፣ ለማታው ወጥ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይዤ መክተፍ ጀመርኩ። ዓይኔ ወዲያው መንታ መንታ ማንባት ያዘ። ከራሴ በላይ የባሌ ጫማ ጣሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማኛል።

በዚህ መሃል ጋሼ በፊት በር ገቡ። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ከደንበኛ ይልቅ እንደ ቤተሰብ ናቸው። የተበላሸ ነገር አይተው መቀመጥ አይችሉም። ጠረጴዛ ከተወላገደ ወረቀት አጥፈው እግሩ ሥር ይወትፋሉ። ብሬከር ዘሎ መብራት የጠፋ እንደሆነም ከእኔ ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ኮሪደሩ ሄደው፣ ትንሽ ቆይተው ተመለሱና በኩሽናው በር ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ኮሪደርሽ ጨለማ ነው እኮ። ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ ሱ አድርጎ ፍርድ ቤት ያቆምሻል። ሻማ እንኳ አብሪበት እንጂ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሻማ ለኩሼ፣ በእንባ ዓይኔ እየተደናበርኩ፣ ከብሬከሩ ሳጥን ሥር ያለችው ትንሽ መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። ሳጥኑ ክፍት ይሁን ዝግ አላየሁም። ተመልሼ ሽንኩርቴ ላይ አቀረቀርኩ።

ቀጥለው እትዬ መጡ። እትዬ እዚሁ አጠገባችን ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጸሎት ፕሮግራማቸው በኋላ በእግራቸው ይመጣሉ። እሳቸውም እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ኮሪደሩ ዘለቁ።

ፌርፋክስን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ሰፈር የሰው ፎቶ በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው። ሰውየው አርፏል፣ አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ እርዳታ እየተሰበሰበ ነው ማለት ነው። እትዬ የባሌን ፎቶ በኮትና በከረባት፣ ከሥሩ ሻማ በርቶለት አገኙት። እንግሊዝኛውን አላነበቡም። ቢያነቡትስ ማን ያምነዋል?

በቀጥታ ወደ ኩሽና መጡ። ዓይኔ ቀልቶ እንባዬ ሲወርድ አዩኝ። አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ስቅስቅ ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

እኔ ደግሞ አገር ቤት ያለችው እህታቸው በጠና መታመሟን አውቃለሁ። ሞተች ማለት ነው አልኩ በልቤ። እኛ ዘንድ ያለቀሰን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ አብሮ ይለቀሳል፣ ጥያቄው ኋላ ይደርሳል። ቢላዬን ጥዬ አቅፌያቸው አለቀስኩ። ሽንኩርቱም በደንብ አገዘኝ።

ድምፃችንን ሰምተው ጋሼ መጡ። እትዬ በጣታቸው ወደ ኮሪደሩ አሳዩዋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሄዱ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተመለሱና ሽንኩርት ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ። ምግብ ይበሉ የነበሩት ልጆች፣ በአካባቢው ፓርኪንግ የሚሠሩ ናቸው፣ እጃቸውን ከሳህን አነሱ። ጠረጴዛዎቹን ወደ ጥግ ገፉ፣ ወንበሮቹን እንደ ለቅሶ ቤት በግድግዳው ዙሪያ ደረደሩ። አንደኛው ለእኔ ውኃ ይዞ መጣ። ለእትዬ እህት ይህን ያህል ማዘናቸው ሆዴን አባባው። ያገራችን ሰው እኮ ደግ ነው እያልኩ ለቅሶው ባሰብኝ።

እትዬን ላጽናና ብዬ «እህትዎ ብዙ ተሠቃይታለች፣ አረፈች ይበሉ» አልኳቸው።

እትዬ ለቅሷቸውን ቀጥ አደረጉ። «የማን እህት?»

በዚህች ቅጽበት የጓሮው በር ተከፈተ። ባሌ ነው። ፊቱ በግራሶ ጠቁሯል፣ የተበጠሰውን ቺንጋ አንገቱ ላይ አድርጎታል። የተደረደረውን ወንበር አየ፣ የቆመውን ሰው አየ። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነው የሞተው?» አለ።

«በኢየሱስ ስም!» ብለው እትዬ ገሠጹት።

ነገሩ እስኪገባን ጥቂት ቆየን፤ ከገባን በኋላ ግን ያ ቤት እንደዚያ ስቆ አያውቅም። አንዱ የፓርኪንግ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሆዴን ይዤ ግድግዳ ተደገፍኩ። እትዬ ባሌን እየሳሙ ደግሞ ትከሻውን በጥፊ ይሉታል። እሱም እየሳቀ የራሱን ፎቶ ሊያይ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ሳቁ ከዚያው ቆመ።

«ይሄን ሳጥን ማን ከፈተው?» አለ። «ዘግቼው ነው የወጣሁት።»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ፣ ገና የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ። «መብራቱን ልመልስላችሁ ብዬ። በጨለማ በዳበሳ አገኘሁትና ገፋሁት፣ እምቢ አለኝ። ደግሜ በሁለት አውራ ጣቴ ገፋሁት። ተጣብቋል እኮ፣ ቀይረው ልልህ ነበር።»

«መቼ?»

«እሷን ሻማ አብሪ ከማለቴ በፊት ነዋ።»

ባሌ ቀኝ እጁን አየ። ጋሼ ብሬከሩን ሲገፉ እሱ አዲሱን ቺንጋ በማራገቢያው ማዞሪያ፣ በፑሌጃው ላይ እየጠመጠመ ነበር። «ያን ጊዜ እጄ ውስጡ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ጋሼ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጣሪያ ላይ ሰው እንዳለ አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። መብራት ጠፍቶ አዩ፣ ሊያበሩልን ሄዱ፣ በቃ። ባሌ ሄዶ ትከሻቸውን ሳማቸው።

«ጋሼ፣ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባል የለ?» አላቸው። «ዛሬ እኮ መርቀውኛል።»

ከዚያ ከኪሱ መክፈቻውን አወጣ። ጓጉንቸሩን ከፈተ፣ ፎቶውን አወረደ፣ ብሬከሩን መለሰው። ከጣሪያው ላይ ማራገቢያው ማጉረምረም ጀመረ። የኮሪደሩም መብራት በራ። ሻማው ግን እዚያው እየነደደ ነው፤ ማንም ሊነካው አልፈለገም። በመጨረሻ እትዬ ሄደው እፍ ብለው አጠፉት።

እኔ ወደ ኩሽናዬ ተመለስኩ። የከተፍኩትን ሽንኩርት በባልዲ ከድኜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩ፣ ቢላዬን አጠብኩ። ምድጃዬን ልለኩስ ስል እንባዬ እንደ ጎርፍ ወረደ። ባሌ ተከትሎኝ ገብቶ ኖሯል።

«አሁን ደግሞ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት። ያንን ግራሶ የጠገበ እጁን ያዝኩና፣ አራስ ልጇን እንደምታይ እናት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።