ሰባት ሰዓት ላይ የተከደነው ራዲያተር

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ወዳለው የሮብሌ ጋራዥ ሥራ ፍለጋ የገባሁ ቀን፣ መፍቻ የሞላውን የቺያቤ ሳጥኔን መሬት ሳላስቀምጥ ሮብሌ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ትቅማለህ?» ድሬዳዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሞተር ሳይክል ስፈታና ስገጥም መኖሬን ልዘረዝርለት ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ እሱ የጠየቀኝ የለም። እቅማለሁ አልኩት፤ ተቀጠርሁ።

ሮብሌን ሁላችንም ፓትሮን፣ አለቃ እንደ ማለት፣ እንለዋለን። ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛውን እንደኛው ያቀላጥፈዋል። ወጣትነቱን ደግሞ በፈረንሳይ ወታደሮች ጋራዥ እንዳሳለፈ ይምላል። እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገረን። እኔ መጥረጊያ ይዞ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

«እዚህ ሥራ የሚያልቀው ሰባት ሰዓት ነው» አለኝ የዚያን ዕለት።

«ያላለቀስ?»

«እሱም ያልቃል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ቀልድ አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲገቡ ከተማው በሙሉ እጁን ታጥቦ ይነሳል። ፓትሮን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠመኔውን ከኪሱ ያወጣል። እየዞረ በእያንዳንዱ ሞተር ሳይክል መቀመጫ ላይ ነጭ መስመር ያሰምርና «ፊኒ!» ይላል። አለቀ ማለቱ ነው። ጠመኔ ያረፈበትን ሞተር ሳይክል በዚያ ቀን መልሶ የነካ ሠራተኛ ፓትሮንን በሰው ፊት ውሸታም እንዳለው ይቆጠራል። በጋራዡ የነበረው ማዕረግም ሦስት ነው፤ ጠመኔ ያዥ፣ ቺያቤ ያዥና ዕቃ አጣቢ። እኔ ቺያቤ ያዥ ነበርሁ።

ግርማ የሚባል ሰው የመጣው በአምስተኛ ዓመቴ፣ ሐምሌ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ለአንድ የትራንዚት ቢሮ የጭነት ሰነድ ወደብ ያደርሳል፤ ከወደብም ይመልሳል። እሱ ካልደረሰ ከኢትዮጵያ የመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ጭነው አይወጡም። ቢሮው የቀጠረው የራሱ ሞተር ሳይክል ስላለው ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዱም የወጣው በዚያው ሥራ ነው። «ይቺ ከቆመች እኔም ሻንጣዬን መያዜ ነው፣ ጋሽ ታዬ» አለኝ መቀመጫውን መታ መታ እያደረገ። እንግዲህ ይህን አውቄ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

ሞተር ሳይክሉ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር ያለው ነው። ምንም አላመመውም። ግርማ የፈለገው ያረጀው የራዲያተር ፈሳሽ እንዲቀየርለት ብቻ ነው። አሮጌውን አፈሰስሁ፣ በንጹሕ ውሃ አጠብሁ፣ አዲሱን እስከ አፉ ሞላሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ተነስቶ መሥራት አለበት። ሲሞቅ በውስጡ የታፈነው አየር አረፋ እየሆነ ይወጣል፤ ፈሳሹም ይወርዳል፤ የጎደለው ይሞላል። አረፋው ሲያቆም ይከደናል። አየሩ ካልወጣ ፈሳሹ መዞር አይችልም፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። ሥራው ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ለሰባት ሰዓት የቀረው አሥር ደቂቃ ነበር።

ከደንሁት። የትርፍ ፈሳሹን ጠርሙስም ለዓይን እንዲያምር እስከ መስመሩ ሞላሁ።

«ጨርሰሃል?» አለኝ ፓትሮን ጠመኔውን አንስቶ።

«ጨርሻለሁ።»

«የቀረ ነገር አለ እንዴ?» አለ ግርማ።

«ምንም» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ጠመኔው አረፈ። ያን ቀን የቃምሁት ጫት ጥሩ እንደነበር ዛሬም ድረስ ትዝ ይለኛል፤ ሳስታውሰው ራሴን እጠላለሁ።

በማግስቱ ግርማ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ፣ የወደቡ ሰነድ በሸሚዙ ውስጥ ተለጥፎ። የሙቀቱ ቀይ መብራት ሲበራበት ወዲያው አጥፍቶታል፤ ይህ የጋራዡ ሰው ሁሉ ካሳየው የበለጠ ብልህነት ነው።

መንገደኛው ሁሉ ሊመረምር ተሰበሰበ። ታክሲ ነጂው ዘይቱን ኮነነ። ሻይ ሻጩ ጨዋማውን የቧንቧ ውሃ ኮነነ። አንድ ጡረተኛ መርከበኛ ጃፓንን በሙሉ ኮነነ። ፓትሮን ሁሉንም አዳመጠና ደረቱን ነፋ።

«ቴርሞስታቱ ነው» አለ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ፈሳሹን አግዶ የሚይዘውን ትንሽ በር ማለቱ ነው። «ቴርሞስታት ለፓሪስ ብርድ የተሠራ ነገር ነው። ጅቡቲ ምን ይሠራል? ዋላሂ፣ አውጥተህ ጣለው!»

አየሩን አላወጣሁትም ማለት ነበረብኝ። ያን ካልሁ ግን የእኔ ውሸት ሊወጣ፣ የፓትሮን ጠመኔም ሊዋረድ ነው። ቴርሞስታቱን ፈታሁ። ፈሳሹን በገዛ እጁ የሞላው ፓትሮን ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ደፋበትና ከደነው። የመጀመሪያው አየር ላይ ሁለተኛ አየር ጨመርንበት ማለት ነው። ሰባት ሰዓት ሆነ። ፊኒ!

በሦስተኛው ቀን ግርማ ከወደቡ በር እስከ ጋራዡ ድረስ ገፋው። ከራዲያተሩ እንፋሎት ይወጣል። ፓትሮን ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

«ፓትሮን፣ ግሏል እኮ፤ ይብረድ» አልኩት።

«እኔን ሞተር አያቃጥለኝም!»

አቃጠለው። የፈላው ፈሳሽ ክንዱ ላይ ተረጨና ፓትሮን በሶማልኛም በፈረንሳይኛም ጮኸ። የተቃጠለ ክንዱን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ እንደ ተቀመጠ ፍርዱን ሰጠ። «ጓርኒሲዮኑ፣ የሞተሩ ማሸጊያ፣ ተበልቷል። ሞተሩ ይከፈታል። ዕቃው ከዱባይ ይመጣል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?» አለ ግርማ።

«ኢንሻላህ።»

ግርማ ወደ እኔ ዞረ። «ቢሮው ከነገ ጠዋት በላይ አይታገሠኝም፣ ጋሽ ታዬ። ሾፌሮቹ ሁለት ቀን ቆመዋል።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥሩምባው ተሰማ። ፓትሮን ባልተቃጠለው እጁ ጠመኔውን አሰመረ። «ዕቃ እስኪመጣ እዚህ ይቆያል፣ ፊኒ!» ብሎ ወጣ፤ ሠራተኞቹም ተከተሉት። ግርማም ቢሮውን ልለምን ብሎ ሄደ። እኔ ቀረሁ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅሁና ክዳኑን ከፈትሁ። ጠርሙሱ ሙሉ ነው፤ ራዲያተሩ ግን ስንዝር ያህል ጎድሏል። ይህን ለማየት ሦስት ቀንና አንድ የተቃጠለ ክንድ አያስፈልግም ነበር። ቴርሞስታቱን ከቆሻሻው አውጥቼ አጥቤ መለስሁት። የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም ከፍ እንዲል የፊት ጎማውን ድንጋይ ላይ ሰቀልሁ። ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ። የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ሞቀ፤ የታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ቱቦውን ጨመቅ ለቀቅ ሳደርገው አረፋው መውጣት ጀመረ። እየሞላሁ ጠበቅሁ። በመጨረሻ የታችኛውም ሞቀ፣ ማራገቢያው በራሱ ተነሳ፣ አረፋው ቆመ። ጓርኒሲዮኑ ምንም አልሆነም። ከደንሁና ጠመኔውን በጨርቅ ጠረግሁት።

ሞተር ሳይክሉን እየነዳሁ ግርማ ቤት ድረስ አደረስሁለት። ደስታዬን ላየ ሰው የዓለምን ሞተር ሁሉ የጠገንሁ እመስል ነበር። ግርማ አቀፈኝ። «እጅህን ይባርከው» አለኝ። አሜን አልሁ።

በማግስቱ ፓትሮን ባዶውን ቦታ አይቶ «ጠመኔዬን ማን ጣሰው?» አለ።

«እኔ።»

ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ከሥራ ግን አላባረረኝም፤ ቺያቤ መያዝ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረውማ።

ከሦስት ቀን በኋላ ግርማ ጋራዡ መጣ፤ በእግሩ። ቢሮው ጠዋትን እንኳ ሳይጠብቅ፣ ሞተሩን በጠገንሁበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ቱቦ ስጨምቅ፣ ሰነዱን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል፤ ለግርማ የነገሩት በማግስቱ ነው። ሞተር ሳይክሉን ለጎረቤቱ ሸጧል። በማግስቱ ከአንድ ሾፌር ጋር ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። የመጣው እኔን ሊያመሰግን ነው።

«ከሁሉም አንተ ብቻ ሰው ሆንክልኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ሃያ ደቂቃውንም፣ ጫቱንም፣ «ምንም» ያልሁትንም ነገርሁት። ፓትሮን ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ይሰማል። ግርማ አልተሳደበም። የመረቀውን እጄን ተመለከተ።

«ያን የመጀመሪያ ቀን እኮ ከሰዓት ሥራ አልነበረኝም» አለኝ። «ንገረኝ እንጂ። ቁጭ ብዬ እጠብቅህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት እዚያው ሠራሁ። የማስተላልፈው ይህን ነው። የራዲያተር ፈሳሽ የቀየረ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሳ፤ አረፋው እስኪያቆም ይጠብቅ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ የሌለው፣ አልጨረስሁም ይበል።