የሬጅ ቱፐን ሻማዎች

በእንግሊዝ አገር፣ በእኛ የሳሴክስ መንደር ስለ ሬጅ ቱፐን ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጉራው ነው። ባቡር ሲነዳ አርጅቷል፤ አንድም ቀን ግን ማቋረጫው ላይ ቆሞበት አያውቅም። ጉራው ቢያሰለችም እውነት ነበር።

ባቡራችን ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከጎኑ ከተዘረጋው ሦስተኛ ሐዲድ ነው፤ እሱን የነካ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ የመኪናው መንገድ ሐዲዱን አቋርጦ በሚያልፍበት ማቋረጫ ላይ ሦስተኛው ሐዲድ ይቋረጣል፣ ባቡሩም ያቺን ክፍተት በያዘው ፍጥነት ይሻገራታል። ባለ ሁለት ፉርጎዋ አጭር ባቡር እዚያ ላይ ከቆመች ግን አለቀላት፤ ሌላ ባቡር መጥቶ እስኪገፋት ንቅንቅ አትልም። እንዲህ የቆመበት ነጂ ሁሉ በማግስቱ ከሬጅ አንድ ሻማ ይደርሰዋል። "መብራት ሲጠፋብህ ታበራዋለህ" ይለዋል። የስንቱን አንጀት አሳርሯል!

የማቋረጫው በር ጠባቂ ማቪስ ፔሊንግ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በሩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት፤ ከበሩ አጠገብ ያለችውም ቤት የእሷ የምትሆነው ሥራው ላይ እስካለች ብቻ ነው። ጎረቤቷ ነኝና አውቃታለሁ፤ ላመነችበት ነገር ማንንም አታስፈቅድም።

ሬጅ ጡረታ በሚወጣበት ቀንም አላስፈቀደችም። የባቡር ሰዎች ጓደኛቸውን ሲሸኙ በጉም ቀን ነጂውን በድምፅ ለማስጠንቀቅ የተቀመጡትን ርችቶች ሐዲዱ ላይ ያስራሉ፤ ባቡሩ ሲረግጣቸው ይፈነዳሉ፣ ነጂውም ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ማቪስ ሦስት አሰረች። በሩን ለመኪና ዘግታ፣ የእሁድ ባርኔጣዋን ደፍታ ጠበቀችው። እኔም መሐረቤን ላውለበልብ አጠገቧ ቆምኩ።

ዷ! ዷ! ዷ!

ሬጅ ግን ደንብ ነፍሱ ነው። በደንቡ ደግሞ ሦስት ፍንዳታ ማለት "ወዲያው ቁም" ማለት ነው። ቆመ። ልክ ክፍተቱ ላይ።

በመስኮቱ ብቅ ሲል ፊቱ ደም መስሏል።

"ማነው ይሄን ያደረገው?"

"እኔ ነኛ! ልሸኝህ ብዬ ነው፣ አንተ ደረቅ!" አለች ማቪስ። "ሰው ሲሸኙት ይቆማል እንዴ?"

"ሲፈነዳ እቆማለሁ! ዕድሜ ልኬን ተጠንቅቄ ተጠንቅቄ፣ ዛሬ ጉድ ሠራሽኝ!"

"በል አትጩህ። አሁኑኑ ለሲድ ደውዬ ጥፋቱ የእኔ ነው እለዋለሁ። ስምህ አይነካም።"

ሲድ ከወዲያኛው ጣቢያ ምልክቶቹን የሚቆጣጠረው ሰው ነው። ማቪስ በሩ ላይ ያለውን ስልክ አነሳች። ያለ ፈቃድ ርችት ያሰረ ሰው ከሥራ እንደሚባረር ሦስታችንም እናውቃለን፤ ቤቷም አብራ ልትሄድ ነው።

ሬጅ ዘሎ ወረደና ስልኩን ከእጇ ነጠቃት።

"ሲድ፣ ሬጅ ነኝ። ማቋረጫው ላይ ቆሜያለሁ፣ የሚገፋኝ ላክልኝ... አዎ፣ እኔው ራሴ! ቀድሜ ፍሬን ይዤ ነው... ፍንዳታ? የምን ፍንዳታ? ወፍ አዳኞች ይሆናሉ። ሳቅ እንግዲህ፣ ሳቅ!"

ስልኩን ዘጋና ማቪስን ሳያያት "ሻይ የለሽም እንዴ?" አላት። እሷ እንባዋ መጣ፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። "የማትረባ ሽማግሌ" አለችና ልታፈላ ገባች። እኔ ያን ጉረኛ የወደድኩት ያኔ ነው።

በዚያው ምሽት በሬጅ መሸኛ ግብዣ ላይ ከእሱ ሻማ ደርሶት የነበረ ነጂ ሁሉ ሻማ ይዞ መጣ። አንዱማ ክንድ የሚያህል የቤተ ክርስቲያን ሻማ አመጣ። ሬጅ ሁሉንም በካርቶን ሰብስቦ፣ ሲስቁበት አብሮ ሳቀ፤ ስለ ርችቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

ብርዱ ሲገባ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በከሰል ነውና በየመንደሩ መብራት ይጠፋ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ገና ሲጨልም፣ ሬጅ ካርቶኑን ተሸክሞ የማቪስን ቤት አንኳኳ።

"መብራት ሲጠፋብሽ ታበሪዋለሽ" አላት።