ካልሲህን ሳብ

ጆሃንስበርግ መሃል ከተማ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ፋብሪካ የገባሁ ቀን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጡኝ። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ በእግር መኪና ሱሪ ስሰፋ ነው የኖርኩት፤ እዚህ ገና እግሬን ሳስነካው ጨርቁን ይዞት በረረ።

አለቃችን ማ ኖምሳ ይባላሉ። «ማ» በዙሉኛ እንደኛው «እማማ» ነው። ሙከራዬ ሦስት ወር ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴን ለማደስ የሥራ ደብዳቤ ያስፈልገኛል፤ ከፋብሪካው ከተባረርኩ አለቀልኝ።

በሁለተኛው ወር የሰፋኋቸው ቀሚሶች ሽንሽናቸው ተጣሞ ተመለሱ። ማ ኖምሳ መጥተው ራሴ ላይ ቆሙና፣ «ፑል አፕ ዩር ሶክስ!» አሉኝ። ካልሲህን ወደ ላይ ሳብ ማለት ነው፤ እሷን የምታህል እንግሊዝኛ አታቅተኝም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም የግራው ላስቲኩ ሞቶ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱንም ሳብ ሳብ አደረግኩና «እሺ ማ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ።

ረድፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። የማ ኖምሳ ፊት ግን ቅጭም አለ።

«ትቀልድብኛለህ? አርብ የመጨረሻ ቀንህ ነው!»

ምሳ ሰዓት ላይ ለጨርቅ ቆራጩ ለጋሽ ሙዲን ነገርኳቸው። የአገሬ ሰው ናቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ።

«አንተ! ወገብህን ጠበቅ አድርግ ብልህ ቀበቶህን ልታጠብቅ ነው? ሥራህን አሻሽል ነው እኮ ያሉህ!»

እኔ የት አባቴ ልሳቅ፤ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

ማ ኖምሳ ጋ ተመልሼ ሄድኩና ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ካልሲዬን አሳየኋቸው። እንደገና ወርዷል።

«ማ፣ እውነት ወርዶ ነበር። ሌላ ትርጉም እንዳለው አላወቅኩም።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ሃይቦ!» አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፤ እንደኛው «ወይ ጉድ!» መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ መኪናዬ ይዘውኝ ሄዱ፤ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ሽንሽኑ የቱ ጋ እንደሚጣመም በጠመኔ ምልክት እያደረጉ አሳዩኝ። አርብ መጣ፣ አለፈ፤ ማንም ውጣ አላለኝም።

ከዓመታት በኋላ ማ ኖምሳ ጡረታ የወጡ ቀን ሁሉንም እየዞሩ ሲሰናበቱ እኔ ጋ ደረሱና ቆም ብለው እግሬን አዩ። ጎንበስ ብዬ ካልሲዬን ሳብኩላቸው። ስንስቅ ስንስቅ ቆይተን ተላቀስን። አይ ማ! ዛሬም ይናፍቁኛል።

አሁን ወንበራቸው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስናደድ ያችው ቃል ከአፌ ታመልጣለች፤ ግን የተጣመመውን በጠመኔ ሳላሳይ አልሄድም። አዲስ ለሚገቡትም አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፤ ያልገባችሁን እሺ አትበሉ። እኔ ልባረር የነበረው እሺ ብዬ ነው።