አሥመራ በአዲስ አበባ በኩል

ሣህሉ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ አሰብ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። ርቀት ማስላት የሚያስተምረው ዘወትር በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ከአሰብ አሥመራ በአየር ስንት ነው? ማስመሪያውን ካርታው ላይ አጋድሞ ይለካና፣ «አራት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ግድም። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም» ይላል።

ሚስቱ ሂሩት ለመውለድ እናቷ ዘንድ አሥመራ የሄደችው በ1969 ሰኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የኤርትራው ጦርነት እየበረታ ሄደ፤ አሥመራ የሚያስገባው አውሮፕላን ብቻ ሆነ። መስከረም ሲገባ ከአማቱ ከወይዘሮ አባይነሽ ቴሌግራም ደረሰው፦ «ወንድ ተወልዷል። ሂሩት ሕመም ጠንቶባታል። ቶሎ ድረስ።»

የይለፍ ወረቀቱን በዚያው ቀን አስፈርሞ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። አውሮፕላኑ መጣ፤ ወታደር ጭኖ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። ትኬት የሚቆርጠው ጉግሳ ዓይኑን እያሸሸ፣ «መምህር፣ ስምዎን ይዣለሁ፤ እስኪ ነገ ይመለሱ» ይለዋል። ስድስት ቀን እንዲህ ተመላለሰ። እህል ከአፉ ተለየ። ወደቡ ድረስ በእግሩ ይወርዳል፣ ላብ አጥምቆት ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል።

ጎረቤቱ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ በዛብህ፣ ይህን ሲያይ ከረመና፣ «በል ተነስ፣ አዲስ አበባ ላድርስህ። ከዚያ አሥመራ ብዙ አውሮፕላን አለ» አለው።

«ሚስቴ በሰሜን እየተጣራች እኔ ወደ ደቡብ ልሩጥ?»

«ተቀምጠህ ከምታብድ እየሄድክ እበድ።»

ረቡዕ ጠዋት ተነሱ። ከአሰብ ብዙም የማትርቀውን ደባይሲማን ገና ሳያልፉ ሣህሉ ጸጸት ያዘው፤ ሰማይ ሰማዩን ያያል፣ በየኬላው ፍተሻ ጥርሱን ያፋጫል። ሚሌ አጠገብ ጎማ ሲፈነዳ በዛብህ ወርዶ እስኪንጠራራ አልጠበቀም፤ ክሪኩን ነጥቆ እንደ እሳት በሚፋጅ አሸዋ ላይ ተንበረከከ። አርብ ማታ አዲስ አበባ ገቡ። ትኬት ያገኘው ግን ሰኞ ነበር።

አሥመራ ደርሶ ሲያንኳኳ በሩን የከፈተችው ወይዘሮ አባይነሽ ክው አለች። ከዚያ ደረቱን በሁለት እጇ ትደልቀው ጀመር።

«የት ነበርክ? ሐሙስ ከአሰብ የመጣውን አውሮፕላን ልቀበል ሄጄ ስምህ መንገደኞች ዝርዝር ላይ ተጽፏል፣ አንተ የለህም! አንድ ነገር ሆኗል ብላ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ይኸው አራት ቀኗ፣ ውኃ እንኳ በልመና ነው።»

ከአሰብ በወጣ በማግስቱ ወንበር ተገኝቶ ስሙ ተጠርቶ ኖሯል። ሣህሉ ሻንጣውን ደጃፉ ላይ ጥሎ ገባ።

ሂሩት በትኩሳት ከስታለች። ስሟን ሲጠራ ዞረች።

«በምን መጣህ?»

«በአዲስ አበባ በኩል።»

«በአዲስ አበባ!» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ አሟት ሆዷን ያዘች፣ ከዚያ አለቀሰች። እናቷ ሕፃኑን አንስታ ሣህሉ ክንድ ላይ አስቀመጠችለት። የዚያን ዕለት ሂሩት ሾርባ ጠየቀች።

ትኩሳቱ ሊለቃት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ በቴሌግራም ቢጠራውም ብቻዬን አልመለስም አለ። በኅዳር ሦስቱም አብረው ወደ አሰብ ሲነሱ፣ አውሮፕላኑ መሬት እስኪለቅ ድረስ የሂሩትን እጅ አልለቀቀም።