ከቁም ሣጥኑ ኋላ

አናጢውን የሰፈሩ ሰው «ወታፊው» ይለዋል። ነፋስ የሚሾልክበትን ቀዳዳ እየፈለገ በየሰው ቤት መወተፍ የአርባ ዓመት መተዳደሪያው ነው። ሻማ ለኩሶ በመስኮት ጠርዝ፣ በበር ሥር፣ በኮርኒስ ዳር ቀስ እያለ ይዞራል፤ ነበልባሉ የተንቀጠቀጠበትን በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። በእሱ እጅ ያለፈ ቤት ማሞቂያውን በግማሽ ቀንሶ ይከርማል። የራሱ ቤት ግን፣ ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የነፋስ መናኸሪያ ነበር።

ዘንድሮ የሚስቱ ጉልበት እንኳን መሄድ መታጠፍም አቃተው። ሴት ልጃቸው እሑድ መጥታ ፊት ለፊት ነገረችው።

«አባዬ፣ እስከሚመጣው እሑድ ይህ ክፍል ካልሞቀ እማዬን ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ እሷ ካፖርት ለብሳ ነው የምትተኛው።»

ያለ ሚስቱ አንድ ቀን አድሮ አያውቅምና ደነገጠ። ሰኞ ሥራ ጀመረ። የመስኮቱን አሮጌ ስቱኮ ልጦ አዲስ መረገ፤ የበሩን ዙሪያ ጎማ አለበሰው፤ ከኮርኒሱ በላይ ሳጋቱራ በኖራ ለውሶ ደለደለ። ዓርብ ሻማውን ይዞ ዞረ። በሩ ዘንድ ነበልባሉ ቀጥ አለ፤ መስኮቱም ዘንድ እንደዚያው። በሚስቱ ራስጌ፣ ከትልቁ ቁም ሣጥን አጠገብ ሲደርስ ግን ሻማው ጠፋ።

አልገረመውም። ቁም ሣጥኑን በገዛ እጁ የሠራው ጎጆ በወጡ ዓመት ነው። ከኋላው ሌላ መስኮት አለ፤ የጎረቤቱን የልብስ ሰፊውን ግቢ ያሳይ ነበር። ልብስ ሰፊው ደግሞ መልከ መልካም፣ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ማፏጨት የሚወድ። አናጢው ቀና። ቅናቱን መናገር አፈረና «ሌላ ቦታ አይገባም» ብሎ ቁም ሣጥኑን መስኮቱ ላይ ገትሮ በአሥራ ሁለት ምስማር ቸነከረው። በዚያው ክረምት መስታወቱን በረዶ ሰበረው። በውጭ በኩል እንዳይጠግነው ግቢው የልብስ ሰፊው ነው፤ በውስጥ በኩል ምስማሩን ቢነቅል፣ መጀመሪያ ለምን እንደቸነከረው ሊጠየቅ ነው። ዝም አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ዝም ብሎ በሚስቱ ራስጌ ነፋስ ቀለበ።

«ምነው ቆምክ?» አለችው ከአልጋዋ።

«ከዚህ ኋላ መስኮት አለ።»

«አለ እንጂ። እኔ መቼ ረሳሁት?»

«የዘጋሁት... ያ ሰውዬ ሲያፏጭ...»

«እሱንም አውቃለሁ። ከአፍህ እስክሰማው ነው የጠበቅሁት።»

ምስማሩን ሲነቅል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ አፍሮ ነበር። ቁም ሣጥኑ ሲገፋ ግቢው የለም። ልብስ ሰፊው ከሞተ ቆይቷል፤ በቦታው የተሠራው ፎቅ ግድግዳ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተደቅኗል፣ በመካከሉ ነፋሱ ይጋልባል። ቅዳሜ ድርብ መስታወት ገጠመበት። ሻማው ቀጥ አለ።

እሑድ ልጅቱ ገብታ ካፖርቷን አወለቀች።

«ጎበዝ አባዬ! ሞቋል!»

እናትየው ግን ቦርሳዋን አዘጋጅታ ተቀምጣለች።

«የት ልትሄጂ ነው? ሞቋል እኮ» አለ አናጢው።

«ሞቋል፤ እጅህ ይባረክ። ክረምቱን ግን ልጄ ጋ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሳታምነኝ አብሬህ ኖርኩ። አንድ ክረምት ደግሞ አምነኸኝ ተቀመጥ።»

በሩን ዘግተው ወጡ። አናጢው ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። አወታተፉ ግን የዋዛ አልነበረምና፣ የልጅቱ መኪና መቼ ተነሥቶ እንደሄደ እንኳ አልሰማም።